የአጋዘን ሾርባ፦ የትኛው ሥጋ፣ የትኛው ድስት፣ የትኛው ቅመም?

ቨርጂኒያ፣ ሚኒሶታ ወይም ኮሎራዶ የምትኖሩ ከሆነና አደን የሚወድ የሥራ ባልደረባ ካላችሁ፣ ኅዳር አካባቢ አንድ ስጦታ ሊደርሳችሁ ይችላል። በወረቀት የተጠቀለለ፣ በረዶ የሆነ የአጋዘን ሥጋ ነው። ብዙ ቤት ውስጥ ያ ጥቅል ፍሪዘር ውስጥ እስከ ፋሲካ ይቆያል። ጥብስ አድርጎ የሞከረውም ሰው ብዙ ጊዜ «ደረቀብኝ፣ ሸተተኝ» ብሎ ይተወዋል።

እኔ አጋዘን ለጀማሪ የሚሻለው በሾርባ ነው እላለሁ። ጥብስ ላይ ሁለት ደቂቃ ካሳለፋችሁበት ያበቃለታል። ሾርባ ግን ይታገሣል። ቅቅል መሥራት የሚችል ሰው የአጋዘን ሾርባ መሥራት ይችላል።

መያዝ ያለበት አንድ ነገር አለ። አጋዘን ሥጋው ውስጥ ስብ የለውም ማለት ይቻላል። ከሥጋው ውጪ ያለችው ትንሽ ስብ ደግሞ ሽታውን የምትሸከመው እሷ ናት። ስለዚህ የራሱን ስብ አውጥተን የእኛን እንጨምራለን። ከዚህ በታች የማነጻጽራቸው ምርጫዎች በሙሉ ከዚህ ሐሳብ ይነሳሉ።

ድስቱን ከማውጣታችሁ በፊት ሰጪውን ጠይቁ

ስጦታ የሰጠን ሰው ጥያቄ መጠየቅ ይከብደናል፤ ይሉኝታ ይይዘናል። አዳኞች ግን እንዲህ ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል፤ ስለ አደናቸው ማውራት ይወዳሉ። ሦስት ነገር ጠይቁ።

አንደኛ፣ ተመርምሯል ወይ? ክሮኒክ ዌስቲንግ ዲዚዝ የሚባል፣ አጋዘንን እያመነመነ የሚገድል በሽታ አለ። መጀመሪያ የታየው በ1967 ኮሎራዶ ውስጥ ነው። ዛሬ ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ሚኒሶታና ዊስኮንሰን ውስጥም አለ። እስካሁን ወደ ሰው መተላለፉ አልተረጋገጠም። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ ግን በሽታው ካለበት አካባቢ የታደነ እንስሳ እንዲመረመርና የተገኘበት ሥጋ እንዳይበላ ይመክራል። የሚያመጣው ፕሪዮን የሚባል የተበላሸ ፕሮቲን ነው። ይህን በደንብ ልብ በሉት፦ መቀቀል አያጠፋውም፣ ፍሪዘርም አያጠፋውም። «ሦስት ሰዓት ከፈላ ምን ይቀራል?» የሚለው የለመድነው አስተሳሰብ እዚህ አይሠራም። የምርመራው ውጤት እስኪመጣ ሥጋው ፍሪዘር ውስጥ ይጠብቅ።

ሁለተኛ፣ በምን ጥይት ተመታ? የእርሳስ ጥይት አጥንት ሲመታ ይሰባበራል። ብናኙ በዓይን አይታይም፤ ከቁስሉም ርቆ ይሄዳል። በ2008 የሰሜን ዳኮታ የጤና መሥሪያ ቤት፣ ለችግረኞች የተሰጠ የተፈጨ የአጋዘን ሥጋ ውስጥ የእርሳስ ስብርባሪ በመገኘቱ፣ ሥጋው እንዳይታደል መክሯል። ነፍሰ ጡሮችና ከ6 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በእርሳስ ጥይት የተገደለ ሥጋ ባይበሉ ይሻላል። በመዳብ ጥይት ወይም በቀስት የተገደለ ከሆነ ይህ ሥጋት የለም። ዛሬ ብዙ አዳኝ መዳብ ይጠቀማል፤ በቀስት የሚያድነውም ብዙ ነው።

ሦስተኛ፣ መቼ ታደነ፣ ምን ያህል ጊዜስ ፍሪዘር ውስጥ ቆየ? ሳይፈጭ በደንብ የታሸገ ሥጋ እስከ አንድ ዓመት ጣዕሙን ይይዛል። የተፈጨው ግን ከሦስትና ከአራት ወር በላይ ባይቆይ ጥሩ ነው።

ዕድል ካገኛችሁ ወንድ ነው ሴት ብላችሁም ጠይቁ። በኅዳር ወንዱ ሴት የሚያሳድድበት ወቅት ስለሆነ የትልቅ ወንድ ሥጋ ይጠነክራል፤ ሽታውም ይበረታል። የሴትና የወጣት አጋዘን ሥጋ ለስለስ ይላል። ሆኖም ከጾታው ይልቅ አዳኙ ሆድ ዕቃውን ቶሎ ማውጣቱና ሥጋውን ቶሎ ማቀዝቀዙ ይበልጣል። «የዱር ሽታ» ከምንለው ብዙው የሚመጣው ሳይቀዘቅዝ ከቆየ ሥጋ ነው።

አጋዘን፣ ኤልክ፣ ባይሰን ወይስ የዱር ወፍ?

ኮሎራዶ ያላችሁ ምርጫ አላችሁ። ኤልክ ከአጋዘን በብዙ የሚበልጥ እንስሳ ነው፤ ሥጋው ግን ይለሰልሳል፤ ሽታውም ትንሽ ነው። በሬ ሥጋ ብቻ የለመደ ቤተሰብ ካላችሁና ሁለቱም ከቀረቡላችሁ በኤልክ ጀምሩ። ልጆች ልዩነቱን ላያውቁት ይችላሉ። አጋዘን ደግሞ ጣዕሙ ጠለቅ ያለ ነው። እኔ ለሾርባ አጋዘንን እመርጣለሁ፤ መረቁ ውስጥ የሚተወው ጣዕም ኤልክ ላይ የለም።

ባይሰን፣ የአሜሪካው ጎሽ፣ ብዙ ጊዜ ሱቅ ውስጥ የሚገዛ፣ በእርባታ ያደገ ነው። ለበሬ በጣም ስለሚቀርብ ለሾርባ ብላችሁ ያን ያህል ገንዘብ ባታወጡበት እመክራለሁ።

ስለ ሱቅ ካነሳን፣ አሜሪካ ውስጥ በአደን የተገደለ አጋዘን ሥጋ መሸጥ አይፈቀድም። ሱቅ የምታዩት የእርባታ ነው፤ ብዙው ከኒውዚላንድ ይመጣል። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ጥይት የለበትም፣ ምርመራ አልፏል፣ ሽታውም ቀላል ነው። ጉዳቱ ዋጋው ነው። ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን ባለበት ቤት ግን፣ የስጦታው ታሪክ ካልታወቀ፣ የሱቁን እመርጣለሁ።

የዱር ቱርክና ፌዛንት ለሾርባ ይሆናሉ። ፌዛንት አገር ቤት ከምናውቃቸው ከቆቅ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። የጡቱን ሥጋ ለሌላ ነገር አስቀምጡ፤ እግሩንና አጥንቱን ቀቅሉ። የቱርክ እግር ጅማቱ ብዙ ስለሆነ ከበሰለ በኋላ በእጅ ፈልቅቃችሁ አውጡት። የጥይት ፍንጣሪ ጥርስ እንዳይሰብር ሥጋውን በጣት እየዳሰሳችሁ ፈትሹ።

ስዊድንና ኖርዌይ ያላችሁ ደግሞ ሙስ (ከአጋዘን ወገን ትልቁ) እና ሬንዲየር አላችሁ። የሙስ ሥጋ ከዚህ በታች ለአጋዘን በምለው መንገድ ይሠራል። ሱፐርማርኬት ውስጥ በስሱ ተከትፎ በረዶ ሆኖ የሚሸጠው ሬንዲየር ግን ረጅም ቅቅል አይፈልግም። መረቁ በሌላ አጥንት ተሠርቶ ካለቀ በኋላ መጨረሻ ላይ ብቻ ይገባል።

የሃይማኖት ጉዳይን ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም፤ ብዙ ሰው ሥጋውን የሚተወው በዚህ ምክንያት ነውና። ዘዳግም ምዕራፍ 14 ዋላንና ሚዳቋን ከሚበሉት እንስሳት ይቆጥራል። አጋዘንም ኤልክም ያመሰኳሉ፤ ሰኮናቸውም የተሰነጠቀ ነው። ጥንቸልና የዱር አሳማ በዘሌዋውያን 11 ስለተከለከሉ በኦርቶዶክስ ቤት አይገቡም። እንስሳው ይበላል ማለት ግን ማን ገደለው፣ እንዴት ገደለው የሚለውን አይመልስም። ያን ለንስሐ አባታችሁ ተዉት። ሙስሊም ወገኖችም አጋዘን በራሱ ሐላል ቢሆንም አዳኙ ማን እንደሆነና ቢስሚላህ መባሉን ያያሉ። በአይሁድ ሕግ ደግሞ አጋዘን ካሽር ከሚሆኑት እንስሳት ቢሆንም፣ በጥይት የተገደለ ካሽር አይሆንም። እንግዳ የምትጋብዙ ከሆነ ሳህኑ ከመቅረቡ በፊት ምን ሥጋ እንደሆነ ንገሩ።

የትኛው ክፍል ለሾርባ ይሆናል?

ከምርጫዎቹ ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው። ጥቅሉ ላይ በእጅ የተጻፈ ነገር ይኖራል፦ ሻንክ፣ ኔክ፣ ሾልደር፣ ስቱ ሚት፣ ግራውንድ፣ ባክስትራፕ። ሁሉም አጋዘን ነው። ለሾርባ ግን እኩል አይደሉም።

ሻንክ ማለት ቅልጥሙ ነው። የሾርባ ንጉሥ እሱ ነው፤ ከተቻለ ሌላ አትፈልጉ። ብዙ አዳኝ ጅማት በጅማት ስለሆነ ይንቀዋል፤ አንዳንዱ ለውሻ ይሰጠዋል። የሚፈለገው ግን ያው ጅማት ነው። በዝግታ ሲበስል ቀልጦ ጄላቲን ይሆናል። ስብ የሌለውን መረቅ ወፍራምና ከንፈር የሚይዝ የሚያደርገው ይሄ ነው። አጥንቱ ሳይወጣ፣ በመጋዝ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ተቆርጦ ከመጣ ደግሞ መቅኑ ተጨማሪ ነው። የሚያድን ወዳጅ ካላችሁ አስቀድማችሁ «ቅልጥሙን ለእኔ» በሉት። አብዛኛው ሰው በደስታ ይሰጣችኋል።

አንገት፣ ማለትም ኔክ፣ በጣዕም ከቅልጥም ጋር ይፎካከራል። እንዲያውም ሥጋው ይበልጣል፤ ሲበስልም በማንኪያ ይበተናል። ችግሩ አጥንቱ ነው። አንገት ውስጥ የሚያልፈው የጀርባ አጥንት ነው፤ በውስጡም የአከርካሪ ገመድ አለ። ክሮኒክ ዌስቲንግ ዲዚዝ ባለበት አካባቢ እንዳትነኩ ከሚባሉት ክፍሎች፣ ከአንጎልና ከዓይን ጋር፣ አንዱ ይሄ ገመድ ነው። ስለዚህ አንገትን አጥንቱ ወጥቶለት ከሆነ ተቀበሉ። በመጋዝ ተሸንሽኖ አጥንት ከነገመዱ ያለበት ከሆነ፣ የምርመራ ውጤቱን ካላያችሁ ለድስት አታብቁት። የአገራችን እጅ ከአጥንት ጋር መቀቀል ስለሚወድ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ።

ወርች፣ ማለትም ሾልደር፣ ሦስተኛ ምርጫዬ ነው። ጅማት አለው፣ ሥጋም አለው፣ በቀላሉም ይገኛል። ብዙ ሰው ላለበት ቤት ምናልባት የተሻለው ይሄ ነው፤ ከቅልጥም የሚወጣው ሥጋ ትንሽ ነውና።

«ስቱ ሚት»፣ ማለትም የወጥ ሥጋ፣ የሚል ጥቅል ስታገኙ ተጠንቀቁ። ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም። ከወርች ከሆነ ጥሩ ነው። ከኋላ እግር ከሆነ ግን ጅማት የለውም፤ ሁለት ሰዓት ቢቀቀል እየደረቀ ይሄዳል እንጂ አይለሰልስም። መለያው ቀላል ነው። ቁራጩን ዘርግታችሁ እዩት። በውስጡ ነጭ መስመሮች የሚያልፉበት ለረጅም ቅቅል ይሆናል። ጥርት ያለ ቀይ ከሆነ ደግሞ በትንንሹ ከትፋችሁ መረቁ ከተሠራ በኋላ፣ ለመጨረሻው 20 ደቂቃ ጨምሩት።

የተፈጨው፣ ማለትም ግራውንድ፣ ለምሽት ቶሎ የሚደርስ ሾርባ ይሆናል። በቀይ ሽንኩርትና በበርበሬ ቁሌቱን ሠርታችሁ፣ ምስር ወይም የተከካ ገብስ ብትጨምሩበት በ45 ደቂቃ ይደርሳል። ግን ስለ ጥይቱ ያልኩት ነገር ከሁሉ በላይ የሚመለከተው የተፈጨውን ነው። ከቁስሉ አካባቢ የተረፈው ቁርጥራጭ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ወደ መፍጫው ነው። ሥጋ ቤት ካስፈጨው ደግሞ የሌላ ሰው አጋዘን ሊቀላቀልበት ይችላል።

የጎን አጥንትን ለሾርባ አልመክርም። በአጥንቶቹ መካከል ያለው ስብ ተጠርጎ አይወጣም፤ ድስቱን በሙሉ ያሸተዋል።

ባክስትራፕ ሽንጡ ነው፤ ለስላሳው ሥጋ። ሾርባ ውስጥ መክተት ማባከን ነው። ለጥብስ አስቀምጡት። እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ይህን የመሰለ ንጹሕ ቀይ ሥጋ ያየ ሐበሻ ወዲያው የሚያስበው ጥሬውን ወይም ክትፎውን ነው። አጋዘን በጥሬው አይበላም፤ ለብ ለብም አይበቃውም። ቶክሶፕላዝማና ኢ ኮላይ የሚባሉ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ይገኙበታል። ከጫካ የመጣው ደግሞ በሐኪም የተመረመረ የቄራ ሥጋ አይደለም። የተፈጨው ውስጡ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የዱር ወፍ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት።

ስቡን አውጡ፤ መዘፍዘፉን ግን አታብዙት

በረዶውን ፍሪጅ ውስጥ አንድ ቀን ሙሉ አሳድራችሁ አቅልጡት። ከዚያ ስለታም ቢላ ያዙ።

ጮማ ለእኛ ክብር ነው። አጋዘን ላይ ግን ጮማውን ጣሉት። የአጋዘን ስብ ሲቀዘቅዝ ፈጥኖ ይረጋል፤ ላንቃ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ሽታውም እዚያ ነው። ከላይ የሚታየውን ነጭና ቢጫ ስብ በሙሉ ቁረጡ። ከሥጋው ላይ የተለጠፈውን የሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋንም ላጡ። በሁለት ጡንቻዎች መካከል ያለውን ጅማት ግን ተዉት፤ ያ ይቀልጣል። ጊዜ የሚወስደው ሥራ ይሄ ብቻ ስለሆነ አትቸኩሉበት።

መዘፍዘፍን በተመለከተ ሰው ሁሉ የራሱ ዘዴ አለው። ወተት የሚል አለ፤ ኮምጣጤና ሎሚ የሚል አለ፤ ጨው ውሃ የሚል አለ። እኔ ለጥሩ ሥጋ አንዱንም አልፈልግም። ደም የቋጠረ ወይም የትልቅ ወንድ ሥጋ ከሆነ ቀዝቃዛ ጨው ውሃ ውስጥ ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ይረዳል። ደሙን ይስባል፣ ጣዕሙን አይለውጥም። ወተትም ሽታውን ያለዝባል፤ ግን ለጨው ውሃ የሚሳነውን ሲሠራ አላየሁም። ኮምጣጤ የላይኛውን ሥጋ ያጠነክራል፤ የእርሳስ ብናኝ ካለም አሲድ ይበልጥ ያሟሟዋል። ስለዚህ ኮምጣጤውን ተዉት። ዶሮ እንደምናጥበው በሎሚና በዱቄት ማሸትም አያስፈልግም። በወረቀት ፎጣ በደንብ አድርቁት፤ ይበቃዋል።

ተራ ድስት፣ ፕሬሸር ወይስ ስሎው ኩከር?

ጊዜ ካላችሁ ወፍራም ብረት ድስት ያሸንፋል። አረፋውን ትገፋላችሁ፣ ትቀምሳላችሁ፣ እሳቱን ታስተካክላላችሁ። ለቅልጥም ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይፈልጋል። እሳቱ ዝግ ይበል፤ አልፎ አልፎ ብቻ ቡልቅ ይበል። እየተንተከተከ ከፈላ ሥጋው ክር ክር ይላል፣ መረቁም ይደፈርሳል።

አንድ ነገር ደግሞ ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ላይ ነው። ዴንቨር ወደ 95 ይጠጋል። ባሕር ጠለል አጠገብ፣ ለምሳሌ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ፣ 100 ነው። አዲስ አበባ የለመዳችሁትን ሰዓት ይዛችሁ ቨርጂኒያ ላይ ብትቀቅሉ ሥጋው ያልፍባችኋል። ኮሎራዶ ያላችሁ ደግሞ ከላይ ባልኩት ሰዓት ላይ ሌላ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ።

ፕሬሸር ወይም ኢንስታንት ፖት ለሥራ ቀን ነው። ቅልጥም በ45 ደቂቃ ይበስላል፤ ከፍታም ያን ያህል አያስቸግረውም። መረቁ ትንሽ ይደፈርሳል፤ ጅማቱ ግን በደንብ ይቀልጣል። እንፋሎቱን በአንዴ አትልቀቁት። ቢያንስ 15 ደቂቃ በራሱ ይብረድ፤ አለበለዚያ ሥጋው ይጠነክራል። አትክልቱን ከተከፈተ በኋላ ጨምራችሁ ያለ ክዳን አብስሉ።

ስሎው ኩከር ሦስተኛ ነው። ጠዋት ከትቶ ማታ ማውጣት ለሁለት ፈረቃ ሠራተኛ ትልቅ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። በዝቅተኛው እሳት 8 ሰዓት ይበቃዋል። ሥጋውን መጀመሪያ መጥበሻ ላይ ቡናማ ካላደረጋችሁት ግን መረቁ ገርጣ ይላል፤ ቅመሙም በረጅሙ ሰዓት ይጠፋል። ነጭ ሽንኩርቱንና የጥብስ ቅጠሉን መጨረሻ ላይ ጨምሩ። በረዶ የሆነ ሥጋ በቀጥታ አትክተቱበት። ሙቀቱ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ሥጋው አደገኛ በሆነ ሙቀት ውስጥ ብዙ ይቆያል።

አልጫ፣ በርበሬ ወይስ የፈረንጅ?

ለቅልጥምና ለአንገት አልጫ ቅቅል እመርጣለሁ። ጥሩ ሥጋ ከሆነ መሸፈን የለበትም። በርበሬ ለተፈጨውና ለትልቅ ወንድ ሥጋ ይሁን፤ እዚያ ላይ ኃይሉ ያስፈልጋል። የፈረንጁ መንገድ ጦስኝ፣ ካሮት፣ ሴለሪና ገብስ ነው። ገብሱ ከአጋዘን ጋር በጣም ይስማማል፤ ይህን ከእነሱ ብንወስድ ይጠቅመናል። ቲማቲም ግን ለአጋዘን አልወድም። ጥልቅ የሆነውን ጣዕም ወደ ጎምዛዛነት ይወስደዋል።

ስቡን በተመለከተ ሦስት መንገድ አለ። አንዱ ዘይት ነው፤ ይሠራል፣ ግን ጣዕም አያመጣም። ሁለተኛው ከአጋዘኑ ጋር አንድ የበሬ መቅን ያለው አጥንት መጨመር ነው። መረቁ ይወፍራል፤ ግን ወደ በሬ ሾርባ ያደላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚቀምሱ ሰዎች ይህ ጥሩ መሸጋገሪያ ነው። ሦስተኛው ንጥር ቅቤ ነው። ኮረሪማና ኮሰረት ያለበት ቅቤ ለአጋዘን ተብሎ የተነጠረ እስኪመስል ድረስ ይስማማዋል። ሌላ ቅመም ብታጡ እንኳ ቅቤውን አትተዉት።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። አንድ ኪሎ ከአጥንቱ ጋር የተቆረጠ ቅልጥም፣ ስቡ ተጠርጎ፣ ተደርቆ፣ ጨው ተነስንሶበት ሩብ ሰዓት ይቆያል። ድስቱ ላይ አንድ ማንኪያ ቅቤ አግሉና ሥጋውን በየተራ ቡናማ አድርጉት። አውጡት። በዚያው ድስት አንድ ትልቅ ቀይ ሽንኩርት በትልልቁ ከትፋችሁ አለስልሱ። አምስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት ያህል ዝንጅብል ተቀጥቅጦ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ ጨምሩ። ሥጋውን መልሱ፤ ሁለት ሊትር ተኩል ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት። ሲሞቅ የሚወጣውን አረፋ በማንኪያ ግፈፉ። ከዚያ እሳቱን ዝቅ አድርጋችሁ ተዉት።

ሁለት ሰዓት ሲሆነው እፍኝ የታጠበ ገብስ ጨምሩ። ሥጋው ከአጥንቱ መላቀቅ ሲጀምር ሁለት ካሮትና ሁለት ድንች በትልልቁ ይግባ። ከ20 ደቂቃ በኋላ አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል፣ ሁለት የተሰነጠቀ ቃሪያና ሌላ አንድ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ጨምራችሁ ለአምስት ደቂቃ ክደኑት። የጥብስ ቅጠሉን አውጡት፤ ከቆየ ያመርራል። ጨውን መጨረሻ ላይ አስተካክሉ፤ መረቁ እየተነነ ስለሚሄድ ቀድማችሁ ካበዛችሁት መመለሻ የለውም። ለስድስት ሰው ይበቃል። ትኩሱን አቅርቡት። ከበረደ መቅኑም ቅቤውም ስለሚረጋ ሳህኑን ራሱን በሙቅ ውሃ ማሞቅ ይጠቅማል። እንጀራ ፍርፍር አድርጎ መረቁ ውስጥ መንከር ያስኬዳል፤ ለእኔ ግን ደረቅ ያለ ድፎ ዳቦ ይሻላል።

አጋዘን ለማይገኝበት

አገር ቤት ያላችሁ፣ የዱር ሥጋ አትፈልጉ። ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ ያስጠይቃል፤ ድኩላም ሚዳቋም የቀረው ለመቆጠብ እንጂ ለድስት አይደለም። የሚተካው ፍየል ነው። የፍየል ሥጋም ቀጭን ነው፤ ጅማት ይበዛዋል፤ የራሱም ሽታ አለው። የፍየል ቅልጥም በዚሁ መንገድ፣ በዚሁ ሰዓት፣ ስቡ ተጠርጎ በቅቤ ሲሠራ ከአጋዘን ብዙ አይርቅም። ባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁም እንዲሁ፤ ፍየል እዚያ በየሥጋ ቤቱ አለ። በግ ግን አይተካውም። ስቡ ብዙ ስለሆነ የምትሠሩት ሌላ ሾርባ ይሆናል።

የተረፈውን በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቡ። እስከ ሦስትና አራት ቀን ይቆያል። በማግስቱ ከላይ የረጋውን ስብ እዩት። ቢጫና ለስላሳ ከሆነ ቅቤው ነው፤ ተዉት። ነጭና ተሰባሪ ከሆነ ሳይጠረግ የቀረ የአጋዘን ስብ ስለሆነ በማንኪያ አንሱት። ወደ ፍሪዘር የምታስገቡት ከሆነ ድንቹን አስቀድማችሁ አውጡ፤ ሲቀልጥ ውሃ ይቋጥራል። መረቁንና ሥጋውን ብቻ በየመጠኑ ከፋፍላችሁ አስቀምጡ፤ ስታሞቁት አዲስ ድንች ቀቅላችሁ ትጨምሩበታላችሁ።